ያለቀ ጎማ፦ የድሬና የሐረር ሾፌሮች ደጋግመው የሚጠይቁት

ጎሚስታ ደጅ፣ ታክሲ ተራና ባጃጅ ማቆሚያ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ጎማዬ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

አዲስ የቤት መኪና ጎማ የጥርሱ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ አገሮች በሕግ የሚፈቅዱት ዝቅተኛው ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ፋብሪካው ይህን ልክ ጎማው ላይ ራሱ ያስቀምጥላችኋል። ዋና ዋናዎቹን ቦዮች ብታዩ ከሥር ከፍ ብላ ቦዩን የምታቋርጥ ትንሽ የጎማ ጉብታ ታገኛላችሁ። ጥርሱ ተበልቶ ከሷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ጉብታዋ የት እንዳለች ካጣችኋት የጎማው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም «ቲ ደብሊው አይ» የሚለው ጽሑፍ ይጠቁማችኋል።

በማስመሪያ መለካት የሚፈልግ ይጠንቀቅ፤ የተማሪ ማስመሪያ ከዜሮ በፊት ትርፍ ጫፍ አለው። ጠንከር ያለ ወረቀት ቦዩ ውስጥ ክተቱ፣ ከጥርሱ አናት ጋር እኩል በጥፍር ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለኩ። ከውጪ፣ ከመሀልና ከውስጥ በኩል ለኩት። የውስጡን ማንም አያየውም። መሪው እስከ መጨረሻው ካልዞረ ወይም መኪናው በክሪክ ካልተነሳ አይታይም። ከውጪ ደህና መስሎ ከውስጥ በኩል ሽቦ ያወጣ ጎማ የሚገኘው ለዚህ ነው።

እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ መጨረስ ችግር አለው?

ለጎማ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ብር ነው፤ ይገባኛል። ግን 1.6 «እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው» ማለት አይደለም፤ «ከዚህ በታች ፈጽሞ አይሆንም» ማለት ነው። ኤኤኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 እርጥብ አስፋልት ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ የቀራቸው ጎማዎች፣ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፍሬን ሲያዝባቸው፣ ለመቆም ከአዲስ ጎማ በአማካይ 27 ሜትር ገደማ የበለጠ ርቀት ፈጅቶባቸዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጎማዎች ገና የሕጉን ወለል እጥፍ ጥርስ አላቸው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ድሬ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ስትደርሱ የአዲስ ጎማ ዋጋ ጠይቁ። በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን አቀበት የምትወጡና የምትወርዱ ከሆነ ግን 3 ላይ ለውጡ፤ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊት።

አቦ፣ ድሬ ዝናብ የት አለና ነው? ደረቅ አስፋልት ላይ መላጣ ጎማ ምን ያደርገኛል?

ጥያቄው እውነት አለው። ጥርስ በዋናነት የተሠራው ለውሃ ነው። ንጹሕና ደረቅ አስፋልት ላይ መላጣ ጎማ መንገድ ይይዛል፤ የእሽቅድምድም መኪኖች በደረቅ ቀን ጥርስ የሌለው ጎማ የሚያስሩትም ለዚህ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከተማችን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነች ያለቀ ጎማ አይጋለጥም። ሾፌሩ ወር ከወር ይነዳል፣ ምንም አይሆንም፣ «እንዲያውም ጥሩ ይይዛል» ይላል። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ደንገጎ ጫፍ ላይ ዝናብ ያገኘዋል።

በደረቅም ቢሆን ነፃ አይደላችሁም። የድሬ መንገድ ንጹሕ አስፋልት አይደለም፤ አሸዋ አለበት። አሸዋ ላይ መላጣ ጎማ የሚይዘው ነገር የለም። ሌላው ውፍረቱ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ በሚስማሩና በጎማው ሆድ መካከል ያለው ሥጋ ይሳሳል። የግራር እሾህ፣ የኮብልስቶን ጠርዝ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ድሮ ጥርሱ ላይ ቀርቶ የነበረው ሁሉ አሁን ወደ ውስጥ ይገባል። ሳምንት ሳይሞላ ደጋግማችሁ ጎሚስታ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ሚስማሩን አትርገሙ፤ ጎማውን እዩት።

ዝናብ ላይ በትክክል ምን ይፈጠራል?

ጎማው ከፊቱ ያለውን ውሃ በቦዮቹ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያባርረዋል። ቦዩ ጥልቀት ካጣ ውሃው መውጫ ያጣል። ፍጥነት ሲጨመርበት ውሃው ከጎማው ሥር ገብቶ ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። በዚያች ቅጽበት መሪው እጃችሁ ላይ ቅልል ይላል፣ ፍሬን ብትረግጡም የሚሰማችሁ ነገር የለም። መኪናው በውሃ ላይ ነው ያለው። መድኃኒቱ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በድንገት ፍሬን መርገጥ ወይም መሪ መጠምዘዝ፣ ጎማው መልሶ አስፋልት ሲነካ መኪናውን ያሽከረክረዋል።

ከሁሉ የከፋው ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ወራት የተጠራቀመ አቧራ፣ የጎማ ብናኝና የፈሰሰ ዘይት ከውሃ ጋር ተለውሶ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። ደንገጎ ላይ ደግሞ ጭጋግ አለ፣ መታጠፊያ አለ፣ ከላይ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና አለ። በሐምሌና በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ሰሞን መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሐምሌው ደግሞ ክረምት ላይ ነው የሚውለው።

በድሬ ሙቀት ጎማ እንዳይፈነዳ ንፋሱን መቀነስ አለብኝ ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ጎማ የሚግለው በዋናነት ከውጪው አየር አይደለም፤ ከመታጠፉ ነው። እያንዳንዱ ዙር ላይ መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ሽቦን ወዲያ ወዲህ ስታጥፉት መታጠፊያው እንደሚግለው ማለት ነው። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው የበለጠ ይጨፈለቃል፣ ጎኑ የበለጠ ይታጠፋል፣ የበለጠ ይግላል። በዚህ ላይ ጭነት ጨምሩበት፣ ፍጥነት ጨምሩበት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን 35 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን የድሬ አየር ጨምሩበት። በውስጡ ያሉት ሽፋኖች ይለያያሉ፣ ጥርሱ ይላጣል፣ ጎማው ይፈነዳል። ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ፣ ሜዳ አግኝተናል ብለው ለረጅም ሰዓት በፍጥነት ለሚነዱ ሰዎች ይህ ዋናው አደጋ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሙቀት ንፋሱን ከፍ ያደርገዋል። ማለዳ በ20 ዲግሪ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረ ጎማ አየሩ 40 ሲገባ ሳይነዳ እንኳ 35 አካባቢ ያሳያል። ሲነዳ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። ፋብሪካው ይህን አስቦበት ነው የሠራው። ትኩስ ጎማ ላይ «በዛ» ብላችሁ ብታስወጡ በማግስቱ ማለዳ ከ30 በታች ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ በጎደለ ንፋስ ቀኑን ሙሉ ትነዳላችሁ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ማሽኑ ሩቅ ከሆነ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር መሄድ ብዙ አይለውጠውም።

ታዲያ ስንት ልሙላ? ጎኑ ላይ የተጻፈውን?

ጎኑ ላይ ያለው ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው፤ ለመኪናችሁ የተመከረው አይደለም። የተመከረው የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለው፦ ባዶ ሲሆንና ሙሉ ጭነት ሲኖር። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ ፖርቶመጋላውንም ሞልታችሁ ሐረር የምትወጡ ከሆነ ሁለተኛው ነው የሚመለከታችሁ። ጎሚስታው በዓይኑ ገምቶ «ይበቃል» ሲላችሁ አትስሙት። የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ፤ ውድ ዕቃ አይደለም።

ድሬ ሞልቼ ሐረር ብወጣ ንፋሱ ይለወጣል?

የሚገርመው፣ ብዙም አይለወጥም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ገደማ። ከፍታው ሲጨምር የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳልና መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል። ሐረር ግን ቀዝቃዛ ናት፤ ቅዝቃዜው ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ተቻችለው ይጠፋሉ። ድሬ ማለዳ ሞልታችሁ፣ ሐረር አድራችሁ ማለዳ ስትለኩ በጉልህ የጎደለ ካገኛችሁ ጎማው ያፈስሳል ማለት ነው፤ በከፍታው አታመካኙ።

ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ግን ጎማው የቆየ ነው ተባልኩ። ምን ያገባኛል?

ያገባችኋል፤ ለእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ያደርቁታል፣ ያጠነክሩታል፣ ጎኑን ይሰነጣጥቁታል። ድሬ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ሊያረጅ ይችላል። ትንሽ ለሚነዳ ሰው፣ መኪናውን ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚያወጣ፣ ከጥርሱ ይልቅ ዕድሜው ነው የሚያሳስበው።

ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ይኸኛው በእኛ 2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ካያችሁ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ ጥላችሁት ሂዱ። በርካታ መኪና አምራቾች 6 ዓመት ሲሞላው ለውጡ ይላሉ። ጎማ አምራቾች ደግሞ በየዓመቱ እያስመረመራችሁ ቢበዛ እስከ 10 ይላሉ። ለድሬ ሙቀት እኔ ወደ 6ቱ አደላለሁ። ስኮርታውንም እዩት። ተነክቶ የማያውቅ «አዲስ» ስኮርታ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር እኩል ያረጀ ነው።

ጎማዬ በአንድ በኩል ብቻ ይበላል። ለምን?

ጎማ ሲበላ የመኪናውን ችግር ይናገራል። መሀሉ ብቻ ከተበላ ንፋስ በዝቷል። ሁለቱም ትከሻዎች ከተበሉ ንፋስ አንሷል። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ አላይመንት (የጎማዎቹ አሰላለፍ) ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ አሞርቲዛተር ወይም ባላንሲንግ ነው። አራት አዲስ ጎማ ገዝቶ አላይመንት ሳያሠራ የሚነዳ ሰው ገንዘቡን አስፋልት ላይ እያሸ ነው።

አቅሜ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው። ከፊት ላስር ወይስ ከኋላ?

ከኋላ። እዚህ ላይ ከብዙ ሾፌር ጋር እንጣላለን። «መሪው ከፊት ነው፣ አዲሱ ከፊት ይሁን» ይሉኛል። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ሾፌሩ ወዲያው መሪው ላይ ይሰማዋል፣ ነዳጅ ሲለቅም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ቂጡ ይዞራል። ያንን መልሶ ማስተካከል ልምድ ያለውን ሾፌር እንኳ ይከብደዋል። እርጥብ የደንገጎ መታጠፊያ ላይ ቁልቁል ሲወረድ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ራሱ ቀልሎ ነው የሚገኘው። ዋና ዋና ጎማ አምራቾችም አዲሱን ከኋላ እሰሩ ነው የሚሉት፣ መኪናው በፊት እግር የሚነዳ ቢሆንም።

ይህ ግን የፊቱ ጎማ ገና ደህና ከሆነ ነው። የፊቱ ከልክ በታች ከወረደ ጥያቄው የት ልሰር ሳይሆን አራቱንም እንዴት ልግዛ ነው።

ያገለገለ ጎማ ብገዛስ?

አልከለክልም፤ የአዲስ ጎማ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ግን አራት ነገር ሳታዩ ብር አታውጡ። መጀመሪያ ዓመቱን። ቀጥሎ ውስጡን፦ ከቸርኬው ተፈትቶ በእጃችሁ ዳብሱት፣ ፓች ካለ፣ ሽቦ ከተሰማችሁ፣ ጎኑ ከውስጥ የተፋቀ ወይም ጥቁር ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ተዉት፤ ያ ጎማ ንፋስ ሳይኖረው ተነድቷል። ከዚያ እብጠት፦ ጎኑ ላይ ትንሽ እንኳ ያበጠ ነገር ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፣ የሚጠገን አይደለም። በመጨረሻ ልኩን።

195/65 አር 15 91 ኤች ቢል፦ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤች ማለት እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል። የጭነቱ ቁጥር ከመኪናችሁ ልክ ካነሰ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይሆንም። አንድ ነገር ደግሞ፦ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጎማ አያማልላችሁ። ዘይት ወይም ናፍጣ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጎማን ይጎዳል።

ጥርሱን ማስቀረጽ ወይም እንደገና ማስለበስስ?

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። መቅረጽ ማለት በጋለ ምላጭ ከቀረው ሥጋ ላይ ቦይ ማውጣት ነው። ጎናቸው ላይ «ሪግሩቨብል» የተጻፈባቸው የከባድ መኪና ጎማዎች ለዚህ ተጨማሪ ውፍረት ይዘው ነው የሚሠሩት። የቤት መኪና ጎማ ላይ ይህን ማድረግ ግን ሽቦው ድረስ መቆፈር ነው። ጥርስ ያለው ይመስላል፣ ግን ከመላጣውም የሳሳ ነው። መላጣው ቢያንስ አይዋሽም።

ማስለበስ፣ ማለትም ባለቀው ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ መለጠፍ፣ ግን በደንብ ከተሠራ ነውር የለበትም፤ የአውሮፕላን ጎማ ሳይቀር ጥርሱ እየታደሰ ያርፋል። ጥያቄው ማን ሠራው፣ የለበሰው ጎማ ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ነው። ከፊት ግን አትሰሩት። አሜሪካ ውስጥ አውቶብስ ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ከፊት ማሰር በሕግ የተከለከለ ነው።

ጎማዬ ሲያፈስ ጎሚስታው ካላማዳሪያ ከተተልኝ። ይሆናል?

ጎሚስታ ቤት ለመድረስ ካልሆነ አይሆንም። ካላማዳሪያ የሌለው ተብሎ የተሠራ ጎማ ሚስማር ሲወጋው ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። ካላማዳሪያ ስትከቱበት ይህን ጥቅም ታጣላችሁ፤ ሲበሳ በአንዴ ይወርዳል። በዚያ ላይ ካላማዳሪያው ከጎማው ውስጥ ጋር እየተፋተገ ሙቀት ይጨምራል፣ ሚስማሩ የገባበትን ቀዳዳም ማንም አልጠገነውም። ቀዳዳው ጥርሱ ላይ ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጎማው ተፈትቶ ከውስጥ ፓች ይደረግለት። ትከሻው ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ የሚጠገን የለም።

ባጃጅ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ለሱም ያሳስባል?

ፍጥነቱ ትንሽ ቢሆንም እግሩ ሦስት ነው። የፊቱ አንዱ ጎማ መሪም ነው፣ ሚዛንም ነው። እሱ ድንገት ቢተነፍስ ወይም አሸዋ ላይ ቢያዳልጥ የሚተካው የለም፤ ባጃጁ ተጠማዞ ይገለበጣል። የባጃጅ ጎማ ልኩ 4.00-8 ነው፣ ትንሽ ነው፤ ለተመሳሳይ መንገድ ከመኪና ጎማ የበለጠ ይዞራል። ሦስት ሰው የሚለውን አምስት አድርጎ መጫን ደግሞ ለኋላዎቹ ነው የሚብሰው። የሻለውን ጎማ ሁልጊዜ ከፊት እሰሩ። የመኪናው ምክር እዚህ አይሠራም።

አይሱዙ ላይ መንታ ጎማ አለ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው አይሸከምም?

ይሸከማል፣ ችግሩም ይሄው ነው። የውስጡ ሲተነፍስ ሾፌሩ አይሰማውም፣ መኪናው አያዘነብልም። የውጪው የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ይግላል፤ የተነፈሰው ደግሞ ውስጥ እየተጨማደደ ይግላል። አንዱ ይፈነዳል፣ አንዳንዴም ይቀጣጠላል። አንድ አዲስና አንድ ያለቀ ጎማ ጎን ለጎን ማሰርም ይህንኑ ያመጣል፤ ትልቁ ሸክሙን ይወስዳል፣ ትንሹ ይጎተታል። በየማለዳው የውስጡን በመለኪያ ለኩ። በመዶሻ መምታት ባዶ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ በግማሽ መጉደሉን አይነግራችሁም። በመንታዎቹ መሀል የተሰነቀረ ድንጋይም ይውጣ።

ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሰዓት የሚሻማ ሾፌር ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ የለኝም ሊል ይችላል። የሚፈጀው ግን አንድ ሻይ እስኪጠጣ ነው። ደንገጎን ሲወርዱ ደግሞ በማርሽ ያዙ። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ከበሮውን ያግለዋል፣ ሙቀቱ በቸርኬው በኩል ጎማው ውስጥ ይገባል።

እየነዳሁ ጎማ ቢፈነዳ ምን ላድርግ?

ፍሬን አትርገጡ። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፤ እግር ራሱ ይሄዳልና። መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጉ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መኪናው መስመሩን ይዞ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ። የፊቱ ከፈነዳ ወደ ፈነዳበት ጎን ይስባችኋል፤ የኋላው ከሆነ ቂጡ ይወዛወዛል። ፍጥነቱ ሲወርድ ብቻ በለስላሳው ፍሬን ይዛችሁ ከመንገድ ውጡ። መታጠፊያ ላይ አትቁሙ፤ ጎማው ቢበጫጨቅም ቀጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። ቸርኬ ይገዛል።

ቡሎኖቹን መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት አላሉ፣ ካሰራችሁ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። ጎማ ሥር ያደረጋችሁትን ድንጋይ ደግሞ አንሱ! መሀል አስፋልት ላይ ተትቶ የሚኬደው ድንጋይ ማታ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ጥሩ ጎማ ካለኝ የድሬው ደቻቱ ወንዝ ውሃ ሲይዝ ማለፍ እችላለሁ?

አትችሉም። ጥርስ መንገድ ላይ ያለን ስስ ውሃ ነው የሚያባርረው፣ ወንዝን አይደለም። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው የሚመጣ ጎርፍ ሊደርስ እንደሚችል ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በብዙ ሰው ሕይወት አይታዋለች።

ቦሎ ካለፈ ጎማው ደህና ነው ማለት አይደል?

ቦሎ የሚነግራችሁ በምርመራው ቀን የነበረውን ነው። ለምርመራ ብቻ የጓደኛ ጎማ ተውሶ አስሮ፣ ማታ መልሶ የሚፈታ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ኢንሹራንስም ቢሆን በደንብ ይነበብ። የሦስተኛ ወገን መድን የተጎዳውን ሰው ይክሳል እንጂ የእናንተን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ዋስትና የገባ ሰው ደግሞ ውሉ ላይ መኪናው ለመንገድ ብቁ ሆኖ መያዝ አለበት የሚል አንቀጽ ካለ ሽቦ ያወጣ ጎማ ይዞ ሲከራከር እንደሚቸገር ይወቅ።

ሾፌር ነኝ፣ መኪናው የሰው ነው። ባለቤቱ ጎማ አልገዛም ቢለኝስ?

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፤ የዕለት እንጀራ አለበት። ግን አደጋ ሲደርስ ፖሊስ መጀመሪያ የሚይዘው መሪው ላይ የነበረውን ሰው ነው። «ጎማው ማለቁን አውቃለሁ፣ ባለቤቱ ግን…» ማለት ደግሞ አውቃችሁ እንደነዳችሁ ራሳችሁ መናገር ነው።

ስለዚህ ነገሩ በቃል ብቻ አይቅር። ጎማዎቹን ጥርሱና የዓመት ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ በቴሌግራም ላኩለት። ከአራቱ የከፉትን ሁለቱን ለይታችሁ በነሱ እንጀምር በሉት። አራት ሲባል የደነገጠ ሰው ሁለት ሲባል ይሰማል። በየሳምንቱ ለተበሳ ጎማ የሚወጣውን ብርና ቆሞ የሚውለውን ሰዓት ደምሩና አሳዩት፤ ብዙ ባለቤት ከአደጋ ወሬ ይልቅ ይህን ሒሳብ ይሰማል። ከገቢው በየቀኑ ጥቂት እየተቀነሰ ይገዛ ብላችሁ መስማማትም ይቻላል። እስኪገዛ ድረስ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ቀለል አድርጋችሁ ጭናችሁ ሥሩ። ሽቦ ከታየ፣ ጎኑ ካበጠ ግን ከተማም ደንገጎም የለም፤ ቁልፉን መልሱለት።